ቴፑ ያልቀዳው መርዶ

የጎንደር ሰው ስልክ ሲያወራ ለመስማት ማሽን ማምጣት ጣና ዳር ቁጭ ብሎ ጉድጓድ መቆፈር ነው። ስልክ ቤታችን ፒያሳ ላይ፣ ጣሊያን በሠራው ሕንፃ ውስጥ ነበር። ደዋዩ ያችን ጠባብ የእንጨት ሳጥን ገብቶ በሯን ይዘጋና፣ አሥመራ ያለው ዘመዱ ያለ ሽቦም እንዲሰማው ይመስል ይጮኻል። ውጭ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው እንኳን ሊሰማ መልስ ይሰጣል። አንድ ቀን አንድ ነጋዴ ስለ ሳንጃ ሰሊጥ ሲያወራ፣ ወረፋ ላይ የነበሩ አንዲት ሴትዮ በሩን ኳ ኳ አድርገው «ኧረ አትሽጥ በለው፣ እስከ ጥር ይቆይ!» ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሱም እሺ ብሎ ያንኑ ነገረው።

እኔ ስልክ አገናኝ ነበርሁ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፍቼ ሰሌዳው ፊት እቀመጣለሁ፤ ገመድ ከዚህ እነቅላለሁ፣ እዚያ እሰካለሁ። አዳምጥ ነበር ወይ? እንዴታ! የማታዳምጥ ስልክ አገናኝ ያየ ሰው ካለ ይምጣና ያሳየኝ። ማን ማንን ሊያጭ እንዳሰበ፣ የማን ልጅ አዲስ አበባ ላይ ፈተና እንደወደቀ፣ የትኛው ቄስ ከየትኛው ቄስ እንደተኳረፈ ከባለቤቶቹ እኩል አውቅ ነበር። ግን የሰማሁትን ሆድ ይፍጀው ብዬ እተወዋለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እናቴ ይህን በቁንጥጫ ነው ያስተማረችኝ።

ከዚያ አዲስ አበባ ላይ ያ የታኅሣሡ ግርግር ሆነ። ግርግሩ ቢያልፍም ፍርሃቱ አላለፈም፤ መንግሥት የሰው ወሬ አብዝቶ መስማት አማረው። ድሮስ መች አይሰማም ነበር? ጠጅ ቤቱን ጆሮ ጠቢ ሞልቶት የለ! ጆሮ ጠቢ ግን ሰው ነው፤ ይሰክራል፣ ይረሳል፣ ሲመሽ ደግሞ የተጣላውን የጎረቤቱን ስም ከዝርዝሩ ላይ ጣል ያደርጋል። ማሽን አይሰክርም፣ አይረሳም፣ ጎረቤትም የለውም ተባለ። ይኸው እንግዲህ አንድ ቀን ጠዋት፣ ኮቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰውዬ ሁለት ሰው የተሸከመው ሳጥን አስከትሎ ስልክ ቤት ገባ። ከየት መሥሪያ ቤት እንደመጣ አልተናገረም፤ አለቃችንም አልጠየቀውም፤ ወንበሩን ብቻ ለቀቀለት።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቴፕ ነበር። ዛሬ ቴፕ ምን ይገርማል! ያኔ ግን ሁለት ሰፌድ የሚያካክሉ ጎማዎች እየተሽከረከሩ ቡናማ ክር ካንዱ ወደ ሌላው ሲጠቀለል፣ የራስሽንም ድምፅ መልሶ ሲያሰማሽ፣ ጉድ በል ጎንደር ነው። ባልደረባዬ ሦስት ጊዜ አማተበች።

«ከሌላ ከተማ የሚመጣም ወደዚያ የሚሄድም ጥሪ ሁሉ ይቀዳል» አለ ባለ ኮቱ። «ጥሪው እንደተገናኘ ይህን ቁልፍ ተጫኑ። ከዚያ ይህን ቅጽ ትሞላላችሁ።» ቅጹ ሸጋ ቅጽ ነበር፤ መሥመሩ ቀጥ ያለ። የደዋይ ስም፣ የተቀባይ ስም፣ ሰዓት፣ ስለ ስብሰባ የተነገረ ነገር፣ ምሥጢር የሚመስል ንግግር። ሰው ሲደዋወል ከነዚህ ሌላ የሚያወራው ያለ አይመስልም ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን ትጋቱ ያዘኝና ሥራዬን ከልቤ ሠራሁ። አንድ አስተማሪ አዲስ አበባ ላለችው እጮኛው ደውሎ ለፋሲካ እመጣለሁ ሲላት፣ ሌላይቱ ወዳጁ እዚሁ ጎንደር ውስጥ እንዳለች ስለማውቅ ቅጹ ላይ «ውሸቱን ነው» ብዬ ጻፍሁ። ባለ ኮቱ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ሰማ፤ ክሩን መልሶ ሰማ። ከዚያ ጠራኝ።

«ውሸቱን ነው የሚለው የታለ?»

«ጌታዬ፣ እኔ ነኝ ያልሁት።»

«ማሽኑ አላለም። ማሽኑ ላይ የሌለ ነገር ቅጹ ላይ ከተገኘ ፈጠራ ነው። አንቺ የማሽኑ ጸሐፊ ነሽ እንጂ ባልንጀራው አይደለሽም።»

እሺ አልሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ሰውዬው ተናዶ ነበር» ብዬ ብጽፍ፣ ንዴቱን ክሩ ላይ ፈልጎ አጣው። በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው።

ቀጥሎ የመጣው ግን የሚያስቅ አልነበረም። እኔና ባልደረባዬ ቁልፉን መመለስ ረስተን ኖሮ፣ ጥሪው ካለቀ በኋላ የእኛን ወሬ ሁሉ ማሽኑ ሲቀዳ ቆየ። ባለ ኮቱ ፊታችን ቁጭ ብሎ አሰማን። የባልደረባዬ ድምፅ ነበር፤ «የሰው ወሬ ለቅሞ ከሚበላ ምነው ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ ዱቄት ቢጠርግ» ትላለች። የኔ ሳቅ ይከተላል። ለካስ ያ ጎማ የሚሽከረከረው ለሰዉ ብቻ ሳይሆን ለእኛም ኖሯል! ስንት ደቂቃ ከወንበራችን እንደጠፋን፣ ስንት ጊዜ እንዳዛጋን ሁሉ ከክሩ ላይ ቆጥሮ ነገረን። በሳምንቱ ባልደረባዬ ለሥራው አመቺ ሆና አልተገኘችም የሚል ደብዳቤ ደረሳት። እኔን ያተረፈኝ ሳቅ ቃል ስላልሆነ ነው መሰለኝ፤ ቅጹ ላይ የሳቅ ቦታ የለም። ደባርቅ ከእኔ ሌላ የሚያያቸው የሌላቸው ሁለት ታናናሽ እህቶች ነበሩኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክ ቤት ውስጥ እንኳን መሳቅ ማስነጠስም ፈራሁ።

እንግዲህ ስለ አከራዬ ልንገራችሁ። ጨጨላ ሠፈር፣ ግቢያቸው ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነበር የምኖረው። ባል የሞተባቸው፣ አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው ሴትዮ ናቸው። እትዬ ነበር የምላቸው። የቤት ኪራይ እከፍላለሁ እንጂ ራት ከሳቸው ጋር ነው የምበላው፤ ብቻዬን ስበላ ካዩኝ ይቆጣሉ። ማታ ማታ ጥጥ እየፈተሉ «ዛሬስ ስልክ ቤት ምን ተወራ?» ይሉኛል፤ «ምንም» እላለሁ፤ «አንቺማ ከድንጋይ ትብሻለሽ» ብለው ይስቃሉ። ልጃቸው ሾፌር ነበር። ፒያሳ ትልቅ ሱቅ ያላቸው፣ ከነአባታቸው ጎንደር የነገዱ አንድ ሐጂ ሁለት የጭነት ማኪና አላቸው፤ አንደኛውን የሚነዳ እሱ ነው። በጎንደርና በአሥመራ መካከል ይመላለሳል። እናቱ መንገዱን አንድም ቀን አይተውት አያውቁም፤ ግን ሊማሊሞ የሚባል ስም ሲነሣ እንዝርቱን ያስቀምጡ ነበር።

ሐሙስ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከአዲ አርቃይ ጥሪ መጣ። ደዋዩ ሁለተኛው ሾፌር ነው፤ የሚፈልገው ሐጂውን። አገናኘሁ። እጄን ወደ ቁልፉ ሰደድሁ።

«ሐጂ፣ ማኪናው ሊማሊሞ ላይ ፍሬን እምቢ አለው» አለ።

«እሱስ? እሱ እንዴት ነው?»

«አልተረፈም፣ ሐጂ። ትናንት እዚሁ ቤተ ክርስቲያን አሳርፈነዋል።»

እጄ አየር ላይ ቀረ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ሐጂው በዚያ በኩል «ኢና ሊላሂ» እያሉ ይደጋግሙ ነበር፤ እኔም በዚህ በኩል ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስሁ። ጠዋት ከቤት ስወጣ እናቱ ለልጄ ብለው ሽሮ ሲያስፈጩ ነበር ትቻቸው የወጣሁት። ወይ እትዬ! ከዚያ ድንገት ቁልፉ ትዝ አለኝ፣ ባለ ኮቱም ትዝ አለኝ፣ ተጫንሁት። ጎማዎቹ መዞር ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ማሽኑ አንድም ሳያስቀር ቀዳው።

«እንግዲህ ሰው እሰበስባለሁ» አሉ ሐጂው። «ማንም እንዳይሰማ። እሷ ደግሞ ጭራሽ እንዳትሰማ።»

«ወንድሟስ?»

«ከጭልጋ አስመጣዋለሁ። ሽማግሌዎችም ይጨመሩበት። ቅዳሜ ማታ ከጎረቤት ያድራሉ፤ እሑድ ጎሕ ሲቀድ፣ ከቤት ሳትወጣ እንገባባታለን።»

«ጠንካራ ሰው ያስፈልጋል፣ ሐጂ። ባለፈው እንደዚያችኛዋ እንዳይሆን።»

«አውቃለሁ። ሁለት ጉልበተኛ ወንዶች ግራና ቀኝ ይይዟታል።»

እግዜር ያሳያችሁ! አገራችን ላይ ይህን ሰምቶ መርዶ መሆኑን የማያውቅ ማን አለ? የእናት መርዶ እንዲህ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ከቤቷ ሳትወጣ፣ እህል ሳትቀምስ፣ ራሷን መሬት እንዳትጥል የሚይዛት ሰው አጠገቧ ቆሞ። ልጇ መሞቱን እናት ከመንገድ ወሬ፣ ብቻዋን ቆማ አትሰማም። እኔም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ልቤን ያስጨነቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እትዬ እስከ እሑድ ምንም ሳይሰሙ እንዲቆዩ፣ እሑድ ደግሞ በሰው እጅ ላይ ሆነው እንዲሰሙ። ሐሙስ ማታ አብሬያቸው ራት በላሁ። «ምነው ዓይንሽ?» አሉኝ። «ጭስ ነው» አልሁ። «ዛሬስ ስልክ ቤት ምን ተወራ?» «ምንም።» የጎረሥሁት እንዴት እንደወረደልኝ እኔ ነኝ የማውቅ።

ቅጹንስ? ሞላሁት እንጂ! ማሽኑ ላይ የሌለውን መጻፍ ፈጠራ ነው ተብያለሁ፤ ማሽኑ ያለውን ጻፍሁ። ስለ ስብሰባ የተነገረ ነገር በሚለው ሥር፣ እሑድ ጎሕ ሲቀድ፣ ሽማግሌዎችና ከጭልጋ የሚመጣ ሰው። ምሥጢር የሚመስል ንግግር በሚለው ሥር፣ ማንም እንዳይሰማ፣ እሷ ጭራሽ እንዳትሰማ፣ ሁለት ጉልበተኛ ወንዶች። መቼም ባለ ኮቱም ሰው አይደለም እንዴ፣ እናት አለችው፣ ይገባዋል ብዬ ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ባለ ኮቱ ማዳመጫውን አደረገ። ያ ሰው ሁለት ወር ሙሉ የሰሊጥ ዋጋና የሠርግ ቀጠሮ ሲሰማ ነው የከረመው፤ ለበላዮቹ የሚልከው አንድ ነገር አጥቶ ፊቱ ጠቁሯል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ክሩ ሲዞር ጀርባው ቀና፣ ቀና አለ። መልሶ ሰማው። ሦስተኛም ሰማው። ሲጨርስ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፤ ማማሩ!

«ጌታዬ፣ ይህ እኮ መርዶ ነው» አልሁት።

«መርዶ ከሆነ የሞተው የታለ? ማሽኑ ላይ ሞተ የሚል ቃል አለ?»

«ፊት ላይ ብለውት ነበር። ቁልፉን ዘግይቼ ነው የተጫንሁት።»

ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ብዕሩን አወጣ። ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም። «እንግዲያው ወይ በሥራሽ ላይ አልነበርሽም፣ ወይ አሁን እየዋሸሽ ነው። ከሁለቱ የትኛውን ልጻፍ?»

በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። የባልደረባዬ ወንበር አጠገቤ ባዶውን ነበር፤ እህቶቼ ዓይኔ ላይ መጡ። ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

«የትኛውን?»

«እንደ ማሽኑ ይሁን» አልሁ።

እንደ ማሽኑ ይሁን። እነዚህን ሦስት ቃላት ማንም አልቀዳብኝም፤ በራሴ ጆሮ ብቻ ነው የተቀዱት።

ቅዳሜ ሐጂውን ላስጠነቅቅ ብዬ ተነሣሁ። ውሸት አይደለም፤ እስከ ሱቃቸው በራፍ ድረስ ሄጃለሁ። ከሱቁ ማዶ አንድ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ጋዜጣ ያነባል፤ ጋዜጣውን ገልብጦ ይሁን አቅንቶ ይያዘው ልብ አላልሁም፤ ዓይኑ ግን ሱቁ ላይ ነበር። ጎንደር ላይ ደግሞ ቆሞ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ያኔ ከየት ይመጣል! ገባሁ፣ አንድ ሳሙና ገዛሁ፣ ወጣሁ። ሐጂው ዓይናቸው ቀልቶ «ደህና ነሽ ልጄ?» አሉኝ፤ «ደህና» አልሁ። ማን ለለቀስተኛ ፖሊስ ይልካል እያልሁ ራሴን እያታለልሁ ቤቴ ገባሁ።

ላኩ። እሑድ ጎሕ ሲቀድ እኔ ለብሼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ በሬን ገርበብ አድርጌ እየጠበቅሁ ነበር። ከጎረቤት ግቢ ሲወጡ አየኋቸው። ሐጂው፣ ከጭልጋ የመጡት የእትዬ ወንድም፣ ሦስት ሽማግሌዎች፣ ሁለት ጎረምሶች፣ ከኋላ ጥቂት ሴቶች። ጫማቸው እንዳይሰማ በዳር በዳሩ ይሄዳሉ። የግቢውን በር እንዳለፉ ከአጥሩ ሥር ፖሊስ ብድግ፣ ብድግ አለ። ሁሉንም ወደ ግድግዳው አዞሯቸው። ጎረምሶቹን ለያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ፖሊስ ያዟቸው፤ ጉልበተኛ ተብሎ ተጽፎ የለ!

«ምንድን ነው ስብሰባው?» አለ አዛዡ።

«መርዶ ነው፣ ጌታዬ» አሉ ወንድምየው። «እባክዎ ቀስ ይበሉ፣ አጠገባችን ናት።»

«የማን መርዶ?»

«የልጇ።»

አዛዡ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን መናገር አለብኝ። እንዲያውም ሰው ያለ ጥፋቱ እንዳይንገላታ የሚጠነቀቅ፣ የተጻፈውን ሁሉ የሚያጣራ ሰው ነበር። ወረቀቱን በባትሪ አብርቶ አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ፣ አሰበ። «ይህማ ለማጣራት ቀላል ነው» አለ። ማንም ሳይዘው አልፏቸው ሄደና የእትዬን በር አንኳኳ።

ሐጂው «ያ ረቢ፣ አይሆንም!» ብለው ሲጮኹ አፋቸውን አፈኗቸው። እኔ ከበሬ ወጣሁ፤ ግቢውን እስካቋርጥ ግን በሩ ተከፍቷል። እትዬ ለቤተ ክርስቲያን ለብሰው፣ መቀነታቸውን እያሠሩ ብቅ አሉ።

አዛዡ ቆቡን አወለቀ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እነዚህ ሰዎች ልጅዎ ሞቷል ይላሉ። እውነት ነው?»

እትዬ አዩት። ከዚያ ግድግዳው ሥር የቆሙትን ወንድማቸውን አዩ። ወንድማቸው ፊታቸውን ወደ ድንጋዩ መለሱ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«አንቺ ልጅ» አሉ፣ ድምፃቸው እንደ ሁልጊዜው ነው። «ስልክ ቤት አይደለሽ? ደውይና ሐሰት መሆኑን ጠይቂልኝ።»

«እትዬ» ብዬ ሮጥሁ። ከደረጃው ላይ ሲወድቁ አልደረስሁባቸውም። ግንባራቸው ድንጋዩን መታው። አዛዡ ወረቀቱን እንደያዘ ቀረ።

እኩለ ቀን ላይ አዲ አርቃይ ተደውሎ ነገሩ ሲረጋገጥ ሁሉንም ለቀቋቸው። ይቅርታ የጠየቀ አልነበረም፤ ለይቅርታ የሚሆን ቅጽ አልመጣልንም ነበር። ባለ ኮቱ ሰኞ መጥቶ የሐሙሱን ክር ከማሽኑ ላይ አውልቆ በሌላ ተካው። እኔንም ሥራሽ የተመሰገነ ነው አለኝ።

ድንኳን ተጣለ፤ ሰው ከአርማጭሆ ሳይቀር መጣ። በሠልስቱ ዕለት ሴቶቹ እትዬን ከበው ተቀምጠናል። ግንባራቸው በጨርቅ ታሥሯል። ለቅሶው ጋብ ሲል ነገር ተነሣ፤ ለፖሊስ ማን ነገረ? አንዷ ጎረቤታችንን ትጠረጥራለች፣ ሌላይቱ ጠጅ ቤት የሚውለውን አንድ ዘበኛ። እትዬ እጃቸውን አነሡና ሁሉም ዝም አለ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉት።

«ይህችን ልጅ እዩልኝ» አሉ። «ሐጂው ነግረውኛል፣ ስልኩን ያገናኘችው እሷ ናት። ሐሙስ ሰምታ፣ ከኔ ጋር ገበታ ቀርባ፣ ሦስት ቀን በሆዷ ይዛ ቻለችልኝ። እኔ እንዳልደነግጥ ብላ። የጨዋ ልጅ! ወልደሽ ሳሚ፣ ልጄ። ልጅሽ ይቅበርሽ።»

ሴቶቹ መረቁኝ። አንዷ ጉልበቴን ሳመችው።

«ያን ነገር ለፖሊስ ያደረሰውን ግን» አሉ እትዬ፣ «ማንም ይሁን ማን፣ እግዜር የሥራውን ይስጠው። የልጁን መርዶ ፖሊስ ይንገረው። የሚይዘው ሰው ይጣ።»

ድንኳኑ ሙሉ ሰው «አሜን» አለ። እጃቸው ገና ትከሻዬ ላይ ነበር፤ ሰውም ወደ እኔ ያይ ነበር። እኔም አሜን አልሁ።